ዳሎል ወይስ ኩዌት፤ የትኛው ይሞቃል?

ጥያቄው ከኩዌት የመጣ ነው፦ «እዚህ ከመጣሁ ዓመታት ሆኖኛል፤ ሥራዬ አብዛኛውን ጊዜ ደጅ ነው። በሐምሌ ሙቀቱ 50 ዲግሪ ሲያልፍ አብረውኝ ለሚሠሩት ‹በዓለም ላይ ሞቃቱ ቦታ የእኛው ዳሎል ነው› ብዬ ተከራከርኩ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ በዳሎል የተለካው ከፍተኛ ሙቀት 49 ዲግሪ ገደማ መሆኑን አሳየኝና አፈርኩ። ሌላው ደግሞ ኢራን ውስጥ 80 ዲግሪ የደረሰ በረሃ አለ ይላል። እውነቱ የቱ ነው? የዳሎል ሙቀት የሚመጣው ከሥሩ ካለው እሳተ ገሞራ ነው የሚባለውስ? ለመሆኑ እዚያ የሚኖር ሰው አለ?»

ምላሽ፦ ማፈር አልነበረብዎትም። ሦስታችሁም የተናገራችሁት እውነት ነው፤ ያወዳደራችሁት ግን ሦስት የተለያዩ ልኬቶችን ነው። የአየር ጠባይ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ መቋጫ የሚያጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ጓደኛዎ በስልኩ ያሳየዎትን እንይ። እሱ የፈለገው በአንድ ቦታ በአንዲት ቀን የተመዘገበ ከፍተኛ የአየር ሙቀት ነው። በዚህ መለኪያ ክብረ ወሰኑ የአሜሪካው የሞት ሸለቆ ነው፤ ፈርነስ ክሪክ በተባለው ቦታ እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1913 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. እስከ 2012 ድረስ ግን ለዘጠና ዓመት ያህል ስሟ ሲነሳ የኖረው የሊቢያዋ አል አዚዚያ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1922 58 ዲግሪ ተለክቶባታል ይባል ነበር። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ነገሩን እንደገና መርምሮ በ2012 ሰረዘው። አዲስ የተመደበ ሠራተኛ የማያውቀውን ዓይነት ቴርሞሜትር በስህተት አንብቦ ወደ ሰባት ዲግሪ ሳይጨምርበት አልቀረም ተባለ። እርስዎ ያሉበት አገርም በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ክብር አለው፦ በሰሜን ምዕራብ ኩዌት በረሃ የምትገኘው ምጥሪባህ እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2016 53.9 ዲግሪ መዝግባለች፤ ይህም ለእስያ የተረጋገጠ ከፍተኛው ቁጥር ነው። ዳሎል በዚህ ውድድር ውስጥ የለችም። ጓደኛዎ እስከዚህ ድረስ ረትቶዎታል።

የኢራኑ 80 ዲግሪ ግን የአየር ሙቀት አይደለም። ሳተላይት ከሰማይ ሆኖ የሉት በረሃን የመሬት ገጽ የለካበት ቁጥር ነው። ባለሙያ የአየር ሙቀት የሚለካው ከመሬት አንድ ሜትር ከሩብ እስከ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ፣ ፀሐይ በማይነካውና ነፋስ በሚያሳልፍ ነጭ ሳጥን ውስጥ ነው። መሬቱ ራሱ ከዚያ እጅግ ይሞቃል፤ በሐምሌ ቀትር አስፋልት ላይ ለሚቆም ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ያን ቁጥር እዚህ ላይ እንተወው።

አሁን ወደ እርስዎ ክርክር። ዳሎል ስሟ የገነነው በአንድ ቀን ሙቀት ሳይሆን በዓመቱ አማካይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተካሄደው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። ሰው ሰፍሮበት ያውቃል ከሚባል ቦታ ሁሉ ይህን የሚያህል ዓመታዊ አማካይ አልተመዘገበም። ቁጥሩ ሲያዩት ላያስደነግጥ ይችላል፤ 34 ዲግሪ አዋሽ ላይም ድሬዳዋ ላይም በየጊዜው አለ። ነገር ግን ይህ የቀትር ሙቀት አይደለም። ቀትሩና ንጋቱ፣ የሰኔና የጥር ወር ሁሉ ተደምሮ የተካፈለበት ነው። ለማነጻጸር ያህል፦ የኩዌት ዓመታዊ አማካይ 26 ወይም 27 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሞት ሸለቆ ደግሞ ያ ሁሉ ዝናው እያለ 25 ገደማ ነው። በሙቀቷ የምትታወቀው ምጽዋ 30፣ መካ 31 አካባቢ ናቸው። በዓመታዊ አማካይ ላይ የአንድ ዲግሪ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው፤ ዳሎል ከመካ ሦስት ዲግሪ ከፍ ማለቷ እኛን የሙያው ሰዎች ቆም አድርጎ የሚያሳስበን ለዚህ ነው።

ልዩነቱ የት እንዳለ ለማየት ኩዌት ያሳለፉትን ጥር ያስታውሱ። ሌሊቱ ወደ ስምንትና ዘጠኝ ዲግሪ ይወርዳል፤ ጃኬት ይለበሳል፣ ምድጃም የሚያነድ አለ። በሞት ሸለቆ የጥር ሌሊት ከዚያም ይቀዘቅዛል። በዳሎል ግን በጥር ቀትር ላይ 36 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሊነጋ ሲል፣ ማለትም ከቀኑ ሁሉ ቀዝቃዛ በሆነው ሰዓት፣ ሙቀቱ ከ24 እስከ 25 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ በመጋቢት ቀትር ላይ ሰው ጥላ ፈልጎ «ዛሬስ በረታ» የሚልበት ሙቀት ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ዳሎል «ስትበርድ» ነው። ሰኔ ሲገባ የቀኑ ከፍተኛ በአማካይ ከ46 ያልፋል፤ ሌሊቱም ከ30 ዲግሪ በላይ ሆኖ ያድራል። በዓመት ውስጥ የቀኑ ከፍተኛ በአማካይ 41፣ የሌሊቱ ዝቅተኛ ደግሞ 28 ገደማ ነው። ምጣዱ ሳይበርድ ሌላ ሊጥ እንደሚፈስበት፣ ትናንት የሞቀው መሬት ሳይቀዘቅዝ የዛሬው ፀሐይ ይወጣበታል።

ስለዚህ በሐምሌ አንድ ቀን ብቻ ብታወዳድሩ ኩዌት ልትበልጥ ትችላለች፣ አንዳንዴም በብዙ ትበልጣለች። ዓመቱን ሙሉ የሚኖርበትን ሰው ብትጠይቁ ግን መልሱ ዳሎል ነው። እኔ በበኩሌ «ሞቃት ቦታ» የሚለው ስም የሚገባው ለሁለተኛው ነው ባይ ነኝ። የአንድ ቀን ክብረ ወሰን የጋዜጣ ዜና ነው፤ ሰውን፣ ከብትን፣ ቤትንና ሥራን የሚቀርጸው ዕረፍት ማጣቱ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ዋናው ምክንያት ቁልቁለቱ ነው። ዳሎል የምትገኝበት የደናክል ረባዳ፣ የጨው ሜዳው ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። መሬቱ እንዲህ የሰመጠው የአፍሪካና የዓረብ የመሬት ቅርፊቶች እየተራራቁ የሚለያዩበት ቦታ ስለሆነ ነው፤ ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ገብቶበት ነበር፣ ተቆርጦ ሲቀርና ሲደርቅ የጨው ድርድር ትቶ ሄደ። አየር ወደ ታች ሲወርድ ይጨመቃል፣ ሲጨመቅ ይሞቃል፤ ደረቅ አየር በየ100 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይጨምራል። አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። መቀሌ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ ዓመታዊ አማካይዋ 17 እና 18 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ እስከ ጨው ሜዳው ወደ 2,200 ሜትር ቁልቁል ነው። በተራ አየር ላይ ከፍታ በ100 ሜትር ሲቀንስ ሙቀት በአማካይ በ0.65 ዲግሪ ይጨምራል ብለን ብንይዝ 14 ዲግሪ ይደመራል፤ 32 ደረስን። በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ በማይሞላ ርቀት ውስጥ ከደጋ ወደ እንዲህ ያለ በረሃ የሚወረድባቸው ቦታዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። በመቀሌ ካፖርት ደርቦ የተነሳ መንገደኛ በራህሌን አልፎ ሲወርድ ልብሱን አንድ በአንድ የሚያወልቀው በዚህ ሒሳብ ነው።

የቀሩት ሁለት ዲግሪ ተኩልስ? እዚህ ላይ ኬክሮሱ፣ ባሕሩና ተራራው ይገቡበታል። ዳሎል ከምድር ወገብ 14 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነች፤ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ ሦስተኛ ሳምንትና በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት፣ በትክክል አናት ላይ ትቆማለች። በኩዌት ፀሐይ አናት ላይ ቆማ አታውቅም። በታኅሣሥ የኩዌት የቀትር ፀሐይ 37 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ስትቀር የዳሎሏ 52 ትደርሳለች፣ ቀኑም አንድ ሰዓት ያህል ይረዝማል። ከዚያ ደግሞ ቀይ ባሕር አለ። ከረባዳው በስተምሥራቅ ከመቶ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው፤ ከዓለም ባሕሮች ሞቃቱ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን የደቡብ ክፍሉ በብርድ ወራትም በቅጡ አይቀዘቅዝም። ከእሱ የሚመጣው እርጥበት በሌሊት ከመሬት ወደ ሰማይ የሚያመልጠውን ሙቀት በከፊል ይዞ ያስቀረዋል። የሞት ሸለቆም የኢራንም በረሃ በጣም ደረቅ በመሆናቸው ሌሊታቸው የሚያመልጠው ሙቀት ብዙ ነው። በመጨረሻም ከምዕራብ የኢትዮጵያ ደጋ ገደል፣ ከምሥራቅ የደናክል ተራሮች ቆመዋል። በብርድ ወራት ኩዌት ድረስ ከሰሜን የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር እዚህ አይደርስም።

ጨው ሜዳው ነጭ ስለሆነ ብርሃንን መልሶ ያንጸባርቃል፣ ታዲያ ማቀዝቀዝ አልነበረበትም ወይ የሚል አስተዋይ ጠያቂ ይኖራል። ትክክል ነው፤ ሜዳው ጥቁር ድንጋይ ቢሆን ኖሮ የቀትሩ ቁጥር ከዚህም በላይ በሄደ ነበር። ዳሎል በቀን ከፍተኛ ሙቀት ምጥሪባህን ያልደረሰችበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሰው ላይ ግን ውጤቱ ሌላ ነው፤ ጨረሩ ከላይም ከታችም ስለሚመጣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው አገጩና አፍንጫው ሥር ይለበለባል።

አሁን ወደ እሳተ ገሞራው። ይህን ጥያቄ ስሰማ ትዕግሥቴ ያጥራል፤ ምክንያቱም አስጎብኚዎችም፣ ቴሌቪዥንም፣ አንዳንድ የመማሪያ ጽሑፍም እየደጋገሙ አጽንተውታል። በዳሎል ጉብታ ላይ ከ100 ዲግሪ በላይ የሚፈላ፣ አሲዱ እጅግ የበረታ፣ ቢጫና አረንጓዴ ምንጭ መኖሩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ከሥር የፈላ ውኃ እንፋሎት ፈንድቶ ጉድጓድ መክፈቱም ይታወቃል። ነገር ግን የምንጩ ሙቀት ምንጩ ዳር ይቀራል። ከምድር ውስጥ ወደ ገጽ የሚወጣው ሙቀት በአማካይ በካሬ ሜትር ከአንድ ዋት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። እሳተ ገሞራ ባለበት ሰፊ አካባቢ አሥር እጥፍ ቢሆን እንኳ አንድ ዋት አይደርስም። የቀትር ፀሐይ በዚያው ካሬ ሜትር ላይ የምታፈሰው 1,000 ዋት አካባቢ ነው። ከሥር ያለው እሳት ነገ ቢጠፋ የዳሎል ቴርሞሜትር ልዩነቱን አያውቀውም። አየሩን የሚያሞቀው ፀሐይና ቁልቁለት ነው። እሳተ ገሞራው ያደረገው ነገር ቢኖር መሬቱን ከከፈተው ኃይል ጋር አብሮ መምጣቱ ነው።

ስለ መዝገቡ ራሱ ደግሞ አንድ ነገር ማወቅ አለብዎት፣ ክርክሩ ከቀጠለ ይጠቅምዎታል። ዳሎል ላይ ቴርሞሜትር የተተከለው ለአየር ጠባይ ጥናት ተብሎ አይደለም፤ ፖታሽ የተባለውን የማዳበሪያ ማዕድን ለማውጣት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ፖታሽ ከገበያ ሲጠፋ ጣሊያኖች ከኤርትራ ጠረፍ ከመርሳ ፋጡማ ወደ ረባዳው የባቡር ሐዲድ ዘርግተው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ዋጋው ሲወድቅ ሥራው ተዳከመ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ60ዎቹ ደግሞ የአሜሪካው ራልፍ ኤም. ፓርሰንስ ኩባንያ ገብቶ ቆፈረ፤ የስድስቱ ዓመት ልኬት የዚያ የሥራ ሰፈር ልኬት ነው። የማዕድን ጉድጓዱ በውኃ ተጥለቀለቀ፣ ኩባንያው ወጣ፣ ቴርሞሜትሩም አብሮ ሄደ። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት የአንድን ቦታ የአየር ንብረት ለመግለጽ የ30 ዓመት መረጃ ይጠይቃል፤ ዳሎል ያላት ከዚያ አንድ አምስተኛው ነው። ስለዚህ 34.6 የሚለውን ቁጥር እስከ ነጥቡ ድረስ አልምልበትም። 34 ሊሆን ይችላል፣ 35ም ሊሆን ይችላል። ከ30 እና ከ31 ጋር ግን የሚምታታበት መንገድ አይታየኝም።

ስለ ነዋሪው የጠየቁት ነገር ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርም ነው። «ሰው ከሚኖርባቸው ቦታዎች ሁሉ ሞቃቱ» እየተባለ የሚጠራው የዳሎል ሰፈር ዛሬ ሰው የለበትም። ከጨው ድንጋይ የተሠሩ ግድግዳዎች ጣሪያቸው ወድቆ፣ የተሽከርካሪ ዝገት በመካከላቸው ተበትኖ ይታያል። የሚኖርባት መንደር ከጨው ሜዳው ዳር ያለችው ሐመድ ኢላ ነች፤ ሙቀቷ ከዳሎል የሚለይበት ነገር ትንሽ ነው። የአፋር ቤተሰቦች የሚኖሩባት፣ በጨው ወቅት ደግሞ ከደጋ የሚወርዱ ሠራተኞች የሚያድሩባት ነች። መዝገቡ የኩባንያውን ሰፈር ስም ይዞ ቀረ እንጂ በሙቀቱ ውስጥ ልጅ ያሳደጉት የእነዚህ ሰዎች ወላጆችና አያቶች ናቸው።

ቤቶቹን ያየ ሰው የሙቀቱን ሳይንስ ያነባል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የለም። ቀኑ ሞቃት ሌሊቱ ቀዝቃዛ በሆነበት አገር ወፍራም ግድግዳ ይጠቅማል፤ በሌሊት ተቀዝቅዞ ቀኑን ያሳልፋል። ሌሊቱ በማይቀዘቅዝበት አገር ግን ግድግዳው ሙቀት አጠራቅሞ ተኝቶ ያለ ሰው ላይ ይተፋል። ስለዚህ እዚያ የሚሠራው በእንጨት ርብራብና በሰሌን ነው፤ ነፋስ ያሳልፋል፣ ጥላ ይሰጣል፣ ሙቀት አይዝም። መኝታውም በጠፍር የተወጠረ አልጋ ሆኖ ደጅ ይወጣል፤ ነፋስ ከሥርም ከላይም ያገኘዋል። መሬት ላይ የተኛ እንግዳ ግማሽ ሌሊት ሲገላበጥ ያድራል፣ ምክንያቱም አሸዋው የቀኑን ሙቀት ገና አልጨረሰም።

ሥራው በማለዳ ይጀመራል። አንዱ ቡድን የጨውን ቅርፊት በመጥረቢያ ይሰነጥቅና በረጅም ዘንግ እየፈነቀለ ሰፊ ሰሌዳ ያነሣል። ሌላው ቁጭ ብሎ ሰሌዳውን እያስተካከለ እኩል እኩል ወደሆኑ አሞሌዎች ይጠርባል፤ ሚዛን ሳይኖር በዓይን ብቻ፣ አንዱ ከሌላው በማይለይ መጠን። ከዚያ በግመልና በበቅሎ ይጫናል፣ ዛሬ መንገዱ ስለተሠራ ብዙው በጭነት መኪና ይሄዳል። እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በአገራችን እንደ ገንዘብ ሲሠራ የኖረው አሞሌ ይኸው ነው። ከግንቦት ጀምሮ ሙቀቱ ሲበረታ ሥራው ይቀንሳል፣ የደጋው ሰው ወደ ቤቱ ይወጣል። ኩዌት ከጁን እስከ ኦገስት ከቀኑ አምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት በሜዳ መሥራትን በሕግ ከልክላለች፤ ጨው ቆራጩ ያንኑ በልምድ ሲያደርገው ኖሯል።

በእርግጥ ሰው እንዴት ይቋቋመዋል? የቆዳችን ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ነው። ሰውነታችን ዕረፍት ላይ ሆኖ እንኳ የ100 ዋት አምፖል ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ ይህን ወደ አየር የሚያስወግደው አየሩ ከቆዳው ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። አሁን 34.6 የሚለውን ቁጥር እንደገና ይመልከቱት፤ የዳሎል ዓመታዊ አማካይ ከሰው ቆዳ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። በዓመቱ ግማሽ ያህል ሰዓት አየሩ ሰውነትን ማቀዝቀዝ ትቶ ራሱ ያሞቀዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ የቀረው መውጫ ላብ ብቻ ነው፤ የሚሠራ ሰው በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ሊያልበው ይችላል። ላቡ ደግሞ የሚያቀዝቅዘው ሲተን ነው፤ ከቀይ ባሕር እርጥበት በሚመጣባቸው ቀናት አይተንም፣ ይንጠባጠባል። ስለዚህ በረባዳው ውስጥ ቴርሞሜትሩ ዝቅ ብሎ ሰው የሚብስበት ቀን አለ። እርስዎም ኩዌት ውስጥ ደረቅ የሻማል ነፋስ ያለበትን 47 ዲግሪ ከባሕር በሚነፍሰው እርጥበት ካለው 40 የመረጡበት ጊዜ ሳይኖር አይቀርም። ልዩነቱ እርስዎ ማታ ገብተው ማቀዝቀዣ ሥር መተኛትዎ ነው።

ለዕረፍት አገር ቤት ሲመጡ ሄጄ ላያት ካሉ ከኅዳር እስከ ጥር ያድርጉት፤ የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ እዚያው ካሉ ሰዎች አስቀድመው ይጠይቁ፣ ያለ አካባቢው መሪም አይሂዱ። የስልክ መተግበሪያ ስለ ዳሎል የሚነግርዎትን በጥርጣሬ ይዩት፤ ቁጥሩ በአብዛኛው በቦታው የተለካ ሳይሆን ኮምፒውተር በዙሪያው ካለው መረጃ ያሰላው ነው፣ ደጋና ረባዳ እንዲህ በተጠጋጉበት ቦታ ደግሞ ስሌቱ በቀላሉ ይሳሳታል። ለጓደኞችዎ ማስረጃ ይዘው መመለስ ከፈለጉ ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚመዘግብ ርካሽ ቴርሞሜትር ይግዙ። ፀሐይ ላይ አያድርጉት፤ ፀሐይ ላይ ያለ ቴርሞሜትር የሚለካው ራሱን ነው፣ ጎብኚዎች «60 ዲግሪ አየን» የሚሉትም በአብዛኛው እንዲህ እያደረጉ ነው። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ከመሬት የሰው ደረት ያህል ከፍ አድርገው ይስቀሉት። የቀትሩን ንባብ ለጓደኞችዎ አያሳዩ፤ በእሱ ኩዌት ትረታለች። ሊነጋ ሲል የተመዘገበውን ዝቅተኛውን ያሳዩ፣ በዚያው ሌሊት ኩዌት ስንት እንደነበረም እነሱ ይፈልጉት።